ለሕፃናት የቆሙ ሐኪም፦ የዶክተር ያኑሽ ኮርቻክ የሕይወት ታሪክ



ዛሬ ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ ዶክተር ያኑሽ ኮርቻክ ጦር የመሩ ወይም አገር የገዙ ሰው አልነበሩም። ያስተዳደሩት አንድ መቶ ያህል ልጆች የሚኖሩበትን ቤት ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ቤት የሠሩት ሥራ እርሳቸው ካለፉ ከብዙ ዓመታት በኋላም በየአገሩ መምህራን ያጠኑታል። ዶክተር ኮርቻክ የፖላንድ ተወላጅ፣ በዘራቸው አይሁዳዊ፣ በሙያቸው የሕፃናት ሐኪም፣ ደራሲና አስተማሪ ነበሩ። ታሪካቸውን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከየቦታው የመጡ ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት ተከባብረው መኖር እንደሚችሉ፣ አዲስ መጤው እንዴት እንደሚታቀፍ፣ ደካማው በጉልበተኛው እንዳይጠቃ ምን ማድረግ እንደሚገባ በተግባር ያሳዩ ሰው ስለሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት

የዶክተር ኮርቻክ የልደት ስም ሄንሪክ ጎልድሽሚት ነው። የተወለደው በዋርሶ ከተማ ሲሆን፣ አባቱ ልደቱን በጊዜው ስላላስመዘገቡ ዓመቱ 1878 ይሁን 1879 በትክክል አይታወቅም። በዚያን ዘመን ፖላንድ የራሷ መንግሥት አልነበራትም፤ ዋርሶ የምትተዳደረው በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበር። ስለዚህ በመንግሥት ትምህርት ቤት ትምህርት የሚሰጠው ልጆቹ በቤታቸው በሚናገሩት ቋንቋ ሳይሆን በሩሲያኛ ነበር።

አባቱ ጠበቃ ነበሩ፤ ቤተሰቡም የተደላደለ ኑሮ ነበረው። ሄንሪክ ከግቢው የድሃ ልጆች ጋር እንዲጫወት ስለማይፈቀድለት ብዙውን ጊዜ ብቻውን ይውል ነበር። የልቡን የሚያካፍለው ለአያቱ ነበር። አምስት ዓመት ሲሆነው የሚወዳት ካናሪ የምትባል ዘማሪ ወፍ ሞተችበት። በቆርቆሮ ሣጥን አድርጎ በግቢው ሊቀብራትና ከመቃብሯ ላይ መስቀል ሊያቆም አሰበ። የዘበኛው ልጅ ግን ወፊቱም እንደ ባለቤቷ አይሁዳዊት ስለሆነች መስቀል አይገባትም ብሎ ከለከለው። ሄንሪክ ሰዎች በሃይማኖትና በዘር እንደሚለያዩ፣ እርሱም ከተለዩት ወገን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረዳው በዚያ ቀን ነው። ሸምግሎ እንኳ ያችን ቀን አልረሳትም።

የመጀመሪያው ትምህርት ቤቱም መልካም ትዝታ አልተወለትም። በክፍሉ ፊት አንድ ልጅ ሲገረፍ አየ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት መሄድ እጅግ ስላስፈራው ወላጆቹ ከዚያ አስወጡት። የተገረፈው እርሱ ባይሆንም ፍርሃቱ የእርሱም ሆነ። የአንዱ ልጅ ውርደት ክፍሉን ሁሉ እንደሚጎዳ የተማረው ገና በዚያ ዕድሜ ነው።

ሄንሪክ ገና ልጅ ሳለ አባቱ በአእምሮ ሕመም ታመሙ። የቤተሰቡ ሀብት በሕክምና አለቀ፤ አባትየውም በ1896 አረፉ። ሄንሪክ የሌሎችን ሰዎች ልጆች በየቤታቸው እያስጠና እናቱንና እኅቱን ይረዳ ጀመር። እነሆ፣ ባለጠጋ የነበረው ልጅ በአጭር ጊዜ ውስጥ ድህነትን ቀመሰ።

ሐኪምና ደራሲ

በ1898 ወደ ዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕክምና መማር ጀመረ። በዚያው ዓመት ለአንድ የድርሰት ውድድር ሥራውን ሲያቀርብ የብዕር ስም አስፈለገው፤ ያኑሽ ኮርቻክ የሚለውንም ስም ከአንድ የፖላንድ ልብ ወለድ ወሰደ። ዓለም የሚያውቀው በዚሁ ስም ነው።

በ1905 በሐኪምነት ተመረቁ። ወዲያው የሩሲያ ጦር ከጃፓን ጋር ወደሚዋጋበት ግንባር ተልከው ቁስለኞችን አከሙ። ከዚያ ተመልሰው በዋርሶ በአንድ የሕፃናት ሆስፒታል እስከ 1912 ድረስ ሠሩ። ስማቸው ስለታወቀ ሀብታሞች ለአንድ ጉብኝት ብዙ ገንዘብ ይከፍሏቸው ነበር፤ ከድሆች የሚቀበሉት ግን ጥቂት ሳንቲም ብቻ ነበር።

በነዚህ ዓመታት አንድ ነገር ያሳስባቸው ጀመር። በሳንባ በሽታ ወይም በተቅማጥ የተያዘውን ልጅ አድነው ወደ ቤቱ ይልኩታል። ቤቱ ግን እርጥበት ያለበት ምድር ቤት ነው፤ ምግብ የለም፤ ዱላና ስድብ አለ። ልጁ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ታሞ ይመለሳል። ዶክተር ኮርቻክ መድኃኒት ብቻውን ልጅን እንደማያድን ተገነዘቡ። ልጅ ደኅና የሚሆነው ሆዱ ሲጠግብ፣ ከፍርሃት ነጻ ሲሆንና ሰው ሲያከብረው ነው።

ሌላ ትምህርት ያገኙት በበጋ ሰፈር ነበር። በዚያን ዘመን በጎ አድራጊዎች የድሃ ልጆችን ለጥቂት ሳምንታት ወደ ገጠር ይወስዱ ነበር። ወጣቱ ዶክተርም የአንድ ቡድን ኃላፊ ሆነው ሄዱ። ልጆቹ ደግ ሰው ሲያዩ በራሳቸው ይታዘዛሉ ብለው ነበር የገመቱት። ሆኖም ልጆቹ በመኝታ ሰዓት ረበሹ፣ በአልጋ ተጣሉ፤ ዶክተሩም ተናደው ጮኹ፣ አስፈራሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ልጆቹን ወደ ጫካ ወስደው ክብ ሠርተው አስቀመጧቸውና ምን ቢደረግ እንደሚሻል ጠየቋቸው። ልጆቹም የማይናቅ ምክር ሰጡ። ለልጆች ንግግር ማድረግና ከልጆች ጋር መነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ዶክተር ኮርቻክ ያወቁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሠሩት ሁሉ ከዚህ የመነጨ ነው።

በክሮክማልና መንገድ የተሠራው ቤት

በ1912 በዋርሶ ከተማ፣ በክሮክማልና መንገድ፣ ለአይሁድ ወላጅ አልባ ሕፃናት አዲስ ማሳደጊያ ተከፈተ። ዶክተር ኮርቻክ የሆስፒታሉን ሥራ ትተው የዚህ ቤት ኃላፊ ሆኑ፤ መኖሪያቸውም በዚያው ቤት ጣሪያ ሥር ያለች ትንሽ ክፍል ሆነች። ልጆቹ ከ7 እስከ 14 ዓመት የሚሆናቸው ወንዶችና ሴቶች ነበሩ።

ስለዚህ ቤት ሲነገር የአንዲት ሴት ስም ሳይነሣ ቢቀር በደል ይሆናል። እርሷም ስቴፋኒያ ቪልቺንስካ ናት። በ1886 በዋርሶ ተወልዳ፣ በቤልጅየም አገር በሊየዥ ከተማ የተፈጥሮ ሳይንስ ያጠናች ናት። ልጆቹ ወይዘሪት ስቴፋ ይሏት ነበር። በእኛ ትምህርት ቤቶች አነጋገር ምክትል ርዕሰ መምህርት ልንላት እንችላለን። ዶክተር ኮርቻክ ያስባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ንግግር ያደርጋሉ፤ የየዕለቱ የቤቱ ኑሮ የሚሄደው ግን በወይዘሪት ስቴፋ ነበር። ማን እንዳልበላ፣ ማን ሌሊት እንዳለቀሰ፣ የማን ጫማ እንደተቀደደ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ የምታውቀው እርሷ ናት። ከልጆቹ ቀድማ ትነሣለች፣ ሁሉም ከተኙ በኋላ ትተኛለች። ሥራ ለሚለማመዱት ወጣት ረዳቶችም ደብተር አዘጋጅታ ነበር፤ እነርሱ በቀኑ የገጠማቸውን ችግር ይጽፋሉ፣ እርሷም በጽሑፍ ትመልስላቸዋለች።

የመጀመሪያው ዓመት ቀላል አልነበረም። ልጆቹ ከረኀብና ከመንገድ የመጡ ስለነበሩ ደንብን እንደ ጠላት ያዩት ነበር። አንዳንዶቹ አደሙ፤ ዕቃ ሰበሩ፤ የሚያስተምሯቸውን ሰዎች ቃል አልሰማ አሉ። ዶክተር ኮርቻክ ያን ዓመት እጅግ አስቸጋሪ እንደነበር ጽፈዋል። ቤቱን ያዳነው ግን ተጨማሪ ቅጣት ሳይሆን ልጆቹ ራሳቸው የቤቱ ባለቤት መሆናቸው ነው።

ሥራ ለሁሉም ተከፋፈለ። አንዱ ደረጃውን ይጠርጋል፣ ሌላው ድንች ይልጣል፣ ሦስተኛው መጻሕፍቱን ይጠብቃል። መጥረጊያና መወልወያ ከደረጃ ሥር ተደብቀው እንዲቀመጡ አልተፈቀደም፤ በክብር በሚታይ ቦታ እንዲሆኑ ተደረገ። በጥሩ ሁኔታ የተወለወለ ጠረጴዛ በጥሩ ሁኔታ ከተጻፈ ገጽ እንደማያንስ ልጆቹ ተማሩ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መሳቢያ ነበረው። በውስጡ የሚያኖረው ክር፣ ጠጠር፣ የተሰበረ መጫወቻ ቢሆንም ማንም ጎልማሳ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ሊጥልበት አይችልም። ምንም ለሌለው ልጅ ያ ጠጠር ሀብቱ ነው።

አዲስ ልጅ ሲመጣ

አዲስ ልጅ ወደ ቤቱ ሲገባ ማንንም አያውቅም። መጸዳጃው የት እንደሆነ፣ የምሳ ደወል ስንት ሰዓት እንደሚደወል፣ ማንን መፍራት ማንን ማመን እንዳለበት አያውቅም። እንዲህ ያለው ልጅ ወይ ጥግ ይዞ ዝም ይላል፣ ወይም ላለመጠቃት ብሎ ራሱ ይማታል።

በክሮክማልና ቤት ለእያንዳንዱ አዲስ ልጅ ከነባሮቹ አንዱ ሞግዚት ሆኖ ይመደብለት ነበር። ይህ ነባር ልጅ ለሦስት ወር ያህል አዲሱን ይዞ ይዞራል፣ ደንቡን ያስረዳዋል፣ ሲያጠፋ ይመክረዋል፣ ስለ እርሱም ኃላፊነት ይወስዳል። ሁለቱ አብረው ደብተር ይይዛሉ፤ ዶክተር ኮርቻክም ደብተሩን እያነበቡ ሐሳባቸውን ይጽፉበታል። ብዙ ጊዜ ለሞግዚትነት ጥሩ ሆኖ የሚገኘው ቀድሞ ራሱ አስቸጋሪ የነበረው ልጅ ነው፤ ምክንያቱም የአስቸጋሪ ልጅ ሆድ ምን እንደያዘ እርሱ ያውቃልና።

የማስታወቂያ ሰሌዳም ነበር። የተሰቀለው ትንንሾቹም ሊያዩት በሚችሉት ከፍታ ነው። ማንበብ የማይችሉት ልጆች እንኳ ስማቸውን ከሰሌዳው ላይ እየፈለጉ ፊደል ለመዱ። ከሰሌዳው ሌላ የደብዳቤ ሣጥን ነበር። ልጅ ጥያቄ ወይም አቤቱታ ሲኖረው ጽፎ ይከታል፣ መልሱንም ይጠብቃል። ዓይን አፋሩ ልጅ በአፉ ሊናገር የማይደፍረውን በወረቀት ይናገራል። ተቆጪውም እስኪጽፍ ድረስ ቁጣው ይበርድለታል።

የልጆች ፍርድ ቤት

ከሁሉ በላይ ቤቱን ያስጠራው የልጆች ፍርድ ቤት ነው። አንዱ ልጅ ሌላው ቢመታው፣ ቢሰድበው፣ ዕቃውን ቢወስድበት በሰሌዳው ላይ ክሱን ያስመዘግባል። በየሳምንቱ አምስት ዳኞች ይሰየማሉ፤ ዳኞቹ በዚያ ሳምንት ክስ ከሌለባቸው ልጆች መካከል በዕጣ የሚወጡ ናቸው። አንድ አሳዳጊ በጸሐፊነት ይገኛል፤ ድምፅ ግን አይሰጥም።

ሕጉን የጻፉት ዶክተር ኮርቻክ ናቸው። አንቀጾቹ እስከ 1,000 ይቆጠሩ ነበር። ከ1 እስከ 99 ያሉት ነጻ የሚያወጡ ወይም ይቅር የሚሉ ናቸው። ያጠፋው ሳያውቅ ከሆነ አሁን ስላወቀ ይቅር ይባላል፤ ተገፋፍቶ ከሆነ ይቅር ይባላል፤ ተጸጽቶ ከሆነ ይቅር ይባላል። ከዚያ በላይ ያሉት ቁጥሮች በመቶ በመቶ እየጨመሩ ይሄዳሉ። አንቀጽ 100 ጥፋት መኖሩን ብቻ ይመሰክራል። አንቀጽ 400 ከባድ ጥፋት መሠራቱን ያስታውቃል። በአንቀጽ 600 ፍርዱ በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። በአንቀጽ 700 ለቤተሰብ ይጻፋል። አንቀጽ 900 ላይ የደረሰ ልጅ ዋስ የሚሆነው ጓደኛ መፈለግ አለበት። አንቀጽ 1,000 ከቤቱ ማስወጣት ነው፤ ይህም ቢሆን ልጁ ከሦስት ወር በኋላ ልመለስ ብሎ የማመልከት መብት አለው። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ዱላ፣ ረኀብ ወይም ጨለማ ቤት የሚባል ቅጣት የለም።

ይህ ፍርድ ቤት ለምን እንዲህ ይቅር ባይ ሆነ? ዶክተር ኮርቻክ እንደሚያምኑት ልጅ ራሱን ለማረም ጊዜ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ይቅርታ ማለት ዝም ማለት አይደለም። ዝምተኛው በጯሂው፣ ትንሹ በትልቁ፣ ትጉሁ በሰነፉ እንዳይጠቃ ጉዳዩ በአደባባይ መሰማት አለበት። ተበዳዩ በደሉ ተሰምቶለት፣ ጥፋተኛው ጥፋቱን አውቆ ሲለያዩ ብዙውን ጊዜ ቅጣት አያስፈልግም።

የዚህ ቤት ትልቁ ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ጎልማሶችም ይከሰሱ ነበር። ዶክተር ኮርቻክ ራሳቸው በስድስት ወር ውስጥ አምስት ጊዜ በልጆቹ ፍርድ ቤት ቀርበዋል። አንድ ጊዜ ልጅ በጥፊ ስለመቱ፣ ሌላ ጊዜ አንዲትን ልጅ ያለ ማስረጃ በስርቆት ስለጠረጠሩ ተከሰሱ። ልጆቹም ዳኙአቸው። ዶክተሩ ይህን እንደ ውርደት አልቆጠሩትም፤ እንዲያውም ጥሩ አሳዳጊ እንዳደረጋቸው ጽፈዋል። ከልጅ ላይ እጁን የሚያነሣ ጎልማሳ ነገ ስለዚያ መልስ እንደሚሰጥ ካወቀ ያስብበታል።

ቤቱ የራሱ ጋዜጣ ነበረው፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሁሉም ተሰብስበው ይነበብላቸዋል። በኋላም 20 እንደራሴዎች ያሉት የልጆች ምክር ቤት ተቋቋመ። መጥፎ ልማድ መተው የፈለገ ልጅ ከዶክተሩ ጋር በከረሜላ ይወራረዳል። በሳምንት ብዙ ጊዜ የሚደባደብ ልጅ በአንድ ጊዜ ፍጹም ሰላማዊ ልሁን አይልም፤ ከባለፈው ሳምንት በጥቂቱ አሳንሳለሁ ብሎ ይወራረዳል። ዶክተሩም ያምኑታል፤ አሸነፍኩ ካለ ይከፍላሉ። ቀስ በቀስ መሻሻልን እንደ ድል ይቆጥሩት ነበር።

ከቤቱ ውጭ

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ዶክተር ኮርቻክ በሐኪምነት ወደ ሩሲያ ጦር ተጠሩ። ለአራት ዓመት ያህል ቤቱን ብቻዋን ያቆመችው ወይዘሪት ስቴፋ ናት። በዚያ የረኀብና የበሽታ ዘመን ቤቱ አልተዘጋም። ዶክተሩ በጦር ሜዳ ሆነው ስለ ልጅ አስተዳደግ ዋና የሆነውን መጽሐፋቸውን ጻፉ። በኪየቭ ከተማም ማሪና ፋልስካ ከምትባል የፖላንድ አስተማሪ ጋር ተዋወቁ።

ፖላንድ ነጻ ከወጣች በኋላ በ1919 ከማሪና ፋልስካ ጋር ሆነው ሁለተኛ ቤት ከፈቱ፤ ይህኛው ለፖላንድ ሠራተኞች ልጆች ነበር። የአይሁድም የክርስቲያንም ልጆች በአንድ ዓይነት ደንብ፣ በአንድ ዓይነት ፍቅር አደጉ። በ1920 ዶክተሩ በታይፈስ ታመሙ። ያስታመሟቸው እናታቸው በሽታው ተጋብቶባቸው ሞቱ። ይህ ኀዘን ከልባቸው አልወጣም።

ለልጆች ከጻፏቸው መጻሕፍት መካከል በጣም የታወቀው በልጅነቱ ስለነገሠ ማቺዩሽ ስለተባለ ንጉሥ የሚተርከው ነው። በ1926 ደግሞ ልጆች ራሳቸው የሚጽፉበት ሳምንታዊ ጋዜጣ አቋቋሙ። ጋዜጣው እስከ 1939 ድረስ ታትሟል። በ1930ዎቹ ሽማግሌው ዶክተር በሚል ስም በፖላንድ ሬዲዮ ለልጆች ይናገሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን በአገሪቱ የአይሁድ ጥላቻ እያየለ ስለሄደ ፕሮግራሙ በ1936 ተቋረጠ፤ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ እንደገና ተመለሰ።

ለአስተማሪነት የሚሠለጥኑ ተማሪዎችን ሲያስተምሩ ያደረጉት አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይተረካል። አንድ ትንሽ ልጅ ይዘው ወደ ሆስፒታሉ የራጅ ክፍል ገቡ። መብራቱ ሲጠፋ በራጁ መስተዋት ላይ የልጁ ልብ በፍጥነት ሲመታ ታየ። ልጁ በማያውቃቸው ሰዎች መካከል ፈርቶ ነበር። ዶክተሩ ለተማሪዎቹ የነገሯቸው ነገር አጭር ነው፤ ልጅን ለመምታት እጃቸውን ባነሡ ጊዜ ይህን ልብ እንዲያስታውሱ ነው። የዚያ ቀን ትምህርት በዚሁ አበቃ።

በግንብ ውስጥ

በሴፕቴምበር 1939 የናዚ ጀርመን ጦር ፖላንድን ወረረ። በ1940 መጨረሻ የዋርሶ አይሁዶች በሙሉ ጌቶ በሚባል፣ በግንብ በታጠረ ጠባብ ሰፈር ውስጥ ተዘጋባቸው። ከ400,000 የሚበልጡ ሰዎች በዚያ ታጨቁ። የክሮክማልናው ቤትም ተለቅቆ ልጆቹ ወደ ጌቶው ተዛወሩ። በዚያ ቀን ወታደሮች የልጆቹን ድንች ከነጋሪው ቀሙ። ዶክተር ኮርቻክ ድንቹን ለማስመለስ ወደ ጀርመን ፖሊስ ሄደው አቤት አሉ። አይሁዶች በክንዳቸው እንዲያስሩ የታዘዙትን ምልክት አላሰሩም ነበር። ስለዚህ ተደብድበው ታሰሩ፤ የተፈቱትም ከአንድ ወር ያህል በኋላ ነው።

ጌቶው ውስጥ ልጆቹ ወደ 200 ተጠጉ። ረኀብ፣ ታይፈስና ብርድ በየቀኑ ሰው ይገድላል። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ልባቸውና እግራቸው የታመመው ዶክተር በየቀኑ ከረጢት ይዘው በየደጁ እየዞሩ ለልጆቹ ምግብ ይለምናሉ። ወይዘሪት ስቴፋ ከጦርነቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ፍልስጤም አገር ነበረች፤ ልጆቹን ትቼ አልቀርም ብላ በ1939 ተመልሳ ነበርና በዚህም ጊዜ ከጎናቸው ነበረች።

በዚህ ሁሉ መካከል የቤቱ ሥርዓት አልተቋረጠም። ትምህርት ይሰጣል፤ ልጆቹ ይመዘናሉ፤ ሥራ ይከፋፈላል፤ ፍርድ ቤቱ ይሰየማል፤ ቅዳሜ ጋዜጣው ይነበባል። አንድ ሰው በዚያ ሁኔታ ውስጥ ፍርድ ቤትና ጋዜጣ ምን ይረባል ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ከግንቡ ውጭ ያለው ኃይል ልጆቹን እንደ ሰው አይቆጥራቸውም ነበር። በቤታቸው ውስጥ ግን እያንዳንዱ ልጅ ስም፣ ሥራ፣ ድምፅና የሚሰማው ሰው ነበረው። ሕግ ማለት የጉልበተኛ ፈቃድ ብቻ እንዳልሆነ በየሳምንቱ በዓይናቸው ያዩ ነበር።

በጁላይ 18 ቀን 1942 ልጆቹ የሕንዳዊውን ደራሲ የራቢንድራናት ታጎርን ተውኔት ለእንግዶች አሳዩ። ተውኔቱ ታሞ ከቤት መውጣት ስላልተፈቀደለት፣ በመስኮቱ መንገደኛውን እያየ ስለሚኖር ልጅ ነው። ከአራት ቀን በኋላ የጌቶውን ሰዎች በባቡር ጭኖ መውሰድ ተጀመረ። ሰዎቹ ወዴት እንደሚሄዱ አልተነገራቸውም። የሚወሰዱት ከዋርሶ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው፣ ሰውን ለመግደል ብቻ ወደተሠራው ወደ ትሬብሊንካ ሰፈር ነበር።

ከጌቶው ውጭ ያሉ ወዳጆቻቸው ዶክተር ኮርቻክን ለማውጣት የሐሰት መታወቂያ አዘጋጅተው፣ መደበቂያም ፈልገው ነበር። እርሳቸው ግን ልጅ በሌሊት ብቻውን አይተውም፣ በእንዲህ ያለ ጊዜም አይተውም ብለው እንቢ አሉ። በኦገስት መጀመሪያ ላይ ወታደሮች ወደ ቤቱ መጡ። ልጆቹ ተሰልፈው በጸጥታ ወጡ። ዶክተሩ ትንንሾቹን ይዘው ከፊት፣ ወይዘሪት ስቴፋም ከሌሎቹ ልጆች ጋር፣ በሞቃት ቀን የጌቶውን መንገዶች አቋርጠው እስከ ባቡር ጣቢያው ሄዱ። በመንገድ ያዩአቸው ሰዎች ያንን ሰልፍ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ አልረሱትም። ሁሉም፣ ልጆቹም አሳዳጊዎቹም፣ በትሬብሊንካ ተገደሉ።

ከእርሳቸው በኋላ

ዶክተር ኮርቻክ በመጨረሻዎቹ ወራት ሌሊት ሌሊት የቀን ማስታወሻ ይጽፉ ነበር። ጽሑፉ በድብቅ ከጌቶው ወጥቶ፣ ማሪና ፋልስካ በምታስተዳድረው በሁለተኛው ቤት ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ከጦርነቱ ተረፈ፤ በ1958ም ታተመ። በትሬብሊንካ ለሞቱት መታሰቢያ ከቆሙት 17,000 ድንጋዮች መካከል የአንድ ሰው ስም የተጻፈበት የእርሳቸው ብቻ ነው። በድንጋዩ ላይ ከስማቸው ጋር ልጆቹም ተጠቅሰዋል።

ዶክተሩ ልጅ ወደፊት ሰው የሚሆን ሳይሆን ዛሬም ሰው ነው እያሉ በ1929 ስለ ልጅ የመከበር መብት አንድ አነስተኛ መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት አለፉ። በ1978 የተባበሩት መንግሥታት የልጆችን መብት የሚያስከብር ስምምነት እንዲያወጣ ሐሳብ ያቀረበችው አገራቸው ፖላንድ ናት። ስምምነቱ ኖቬምበር 20 ቀን 1989 ጸደቀ። አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ እንዲሰማለት ያዛል። አንቀጽ 22 ስለ ስደተኛ ልጆች ጥበቃ ይናገራል። ኢትዮጵያ በ1991 ስምምነቱን ተቀብላለች። በ1990 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ያጸደቀው የአፍሪካ ሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተርም ስደተኛ ልጆችን የሚመለከት አንቀጽ አለው።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

ውድ ወላጆች፤ የክሮክማልናው ደንብ ልጆቹን ከጦር ኃይል ሊያድናቸው አልቻለም፤ እንዲህ ያለውን ኃይል የሚያቆም የትምህርት ቤት ደንብ የለም። ነገር ግን በዚያ ቤት ያደጉና ከጦርነቱ በፊት የወጡ፣ በየአገሩ የኖሩ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ስለ ቤታቸው ሲጠየቁ ያስታወሱት ምግቡን ብቻ ሳይሆን ሰምቶ የሚፈርድላቸው ሰው እንደነበረ ነው። ልጅ በሰፈር ሲኖር ብዙ ነገር ይጎድለዋል፤ የሚሰማው ጆሮ ግን ከድንኳንም ከጭቃ ቤትም አይጠፋም። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ዝም ብሎ ሲመለስ ፈተናው ስንት እንደሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት ከማን ጋር እንደዋለ ጠይቁት።

ውድ ተማሪዎች፤ ከዶክተር ኮርቻክ ቤት ውስጥ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። አንድ የካርቶን ሣጥን የደብዳቤ ሣጥን ይሆናል። በዓመቱ አጋማሽ የመጣ አዲስ ልጅ፣ አማርኛው የሚኮላተፍም ሆነ እግሩ የሚያነክስ፣ የውኃ ቧንቧውን የሚያሳየውና በእረፍት ሰዓት አብሮት የሚቆም አንድ ነባር ተማሪ ይበቃዋል። ይህን ለማድረግ የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ነገ ጠዋት ሊጀመር ይችላል።

ለክፍል ውይይት

1. የልጆቹ ሕግ ከ1 እስከ 99 ያሉትን አንቀጾች ለይቅርታ የተወው ለምን ይመስላችኋል?
2. ቀድሞ አስቸጋሪ የነበረ ልጅ ለአዲስ ልጅ ጥሩ ሞግዚት የሚሆነው እንዴት ነው?
3. ዶክተር ኮርቻክ በልጆች ፊት ለመዳኘት መቅረባቸው ክብራቸውን ቀነሰ ወይስ ጨመረ? ምክንያታችሁን አስረዱ።
4. በክፍላችሁ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይሰማ ልጅ ማን ነው? ስሙን ሳትጠሩ፣ ሊደረግለት የሚቻለውን አንድ ነገር በወረቀት ጻፉ።